ዶክተሩ የጀመረውን ዶዝ ማን ይጨርሰው? የልብ ድካም መድሃኒትና የፋርማሲስቱ ቦታ

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ የ68 አመት ሴት ናቸው፣ ከወጡ 10 ቀን ሆኗቸዋል፣ ፋርማሲስቷ «እማማ፣ ቤት ያለውን መድሃኒት በሙሉ ይዘውልኝ ይምጡ፣ የድሮውንም ሳይቀር» ብላቸው ስለነበር ፌስታሉን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የሚያሸናው ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም አለ፣ ካርቬዲሎል 3.125 አለ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 አለ፣ ኢናላፕሪል 5 አለ፣ እስከዚህ ድረስ ዶክተሩ የጻፈው ነው። ከዛ በሌላ የንግድ ስም የተሸጠ ሌላ ኢናላፕሪል ወጣ፣ ከመተኛታቸው በፊት ለደም ግፊት ይወስዱት የነበረ፣ ካርቶኑም ከለሩም ስለሚለያይ ሁለት የተለያየ መድሃኒት መስሏቸው ሁለቱንም እየዋጡ ነው። ቀጥሎ የፖታሺየም ክኒን፣ ተኝተው እያለ በሚያሸናው መድሃኒት ምክንያት ፖታሺየማቸው ወርዶ የተሰጣቸውና ከዛ በኋላ አቁሚው ያላቸው ሰው የሌለ። መጨረሻ ላይ ለጉልበታቸው ጎረቤት የሰጠቻቸው የህመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ።

ዶክተሩ ፋይል ላይ ያለው አራት መድሃኒት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰባት። የተጨመሩት ሶስቱ ደሞ እንዲሁ ተራ ትርፍ አይደሉም፣ ሶስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት። ኢናላፕሪል ፖታሺየምን ከፍ ያደርጋል፣ እሳቸው ደግሞ ደብል እየወሰዱ ነው፣ ስፓይሮኖላክቶንም ያው ከፍ ያደርጋል፣ በላዩ ላይ የፖታሺየም ክኒን፣ በላዩ ላይ ኩላሊትን የሚያዳክምና ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ የሚያስቀር ዳይክሎፌናክ። ፖታሺየም ከልክ በላይ ሲወጣ የልብ ምትን ያዛባል፣ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል፣ እና ይሄ ሁሉ ሲሆን ማንም በግልጽ ስህተት ሰርቷል ማለት ይከብዳል፣ ዶክተሩ ያዘዘው ትክክል ነው፣ እናትየዋም የተሰጣቸውን በታማኝነት ነው የዋጡት። የጠፋው ሰባቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ነው።

ይሄን ርዕስ ያነሳሁት ለዚህ ነው። በልብ ድካም ላይ ዛሬ ያለው ትልቁ ችግር የመድሃኒት እውቀት ማጣት አይመስለኝም። ጥሩ መድሃኒት አለ፣ እየሰራ መሆኑም ተረጋግጧል፣ ግን በትክክለኛው ዶዝ ታካሚው ጋ አይደርስም፣ ሲደርስም የሚከታተለው የለም። እዚህ ክፍተት ላይ ዶክተርና ፋርማሲስት አብረው ቢቆሙ የሚለወጠው ነገር በጥናት የታየ ነው፣ አብረው የሚለው ቃል ላይ አስምሩልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ በሽታው በአጭሩ። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመች ማለት አይደለም፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት አቃታት ማለት ነው፣ ወይ ጡንቻዋ ደክሞ ወይ ደርቃ በደንብ መሙላት አቅቷት። ከዛ ውሃ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በሁለትና በሶስት ትራስ ይተኛል። በአለም ላይ ከ64 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ ልብ ከያዘችው ደም በአንድ ምት የምትረጨው መጠን፣ ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚባለው፣ 40 በመቶና ከዛ በታች የሆነባቸው ሰዎች ላይ እድሜ እንደሚያራዝሙ የተረጋገጡ አራት የመድሃኒት ቤተሰቦች አሉ። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ (ወይም የተሻለው ሳኩቢትሪል ቫልሳርታን)፣ ቤታ ብሎከር (እነ ካርቬዲሎል)፣ እነ ስፓይሮኖላክቶን፣ እና መጀመሪያ ለስኳር ተብለው የወጡት እነ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን። እነዚህ በአንድ ቀን የመጡ አይደሉም፣ ኢናላፕሪል በከባድ የልብ ድካም ላይ ሞት መቀነሱ የታየው በ1987 ነው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ስፓይሮኖላክቶን በ1999 ሞትን በ30 በመቶ ሲቀንስ ታየ፣ ሳኩቢትሪል ቫልሳርታን በ2014፣ ዳፓግሊፍሎዚን በ2019። ከ2021 ጀምሮ የአውሮፓውም፣ በአመቱ የአሜሪካውም ጋይድላይን (የህክምና መመሪያ) አራቱንም ስጡ ነው የሚለው።

ሶስት አስርት አመታት ሙሉ የተደከመበት ነገር ነው። ግን በ2018 የወጣ ከአሜሪካ የተሰበሰበ መረጃ አለ፣ ከ3,500 በላይ የልብ ድካም ታካሚዎች ከተለያየ ክሊኒክ ታይተው፣ ያኔ ዋና ከነበሩት ሶስት መድሃኒቶች ሶስቱንም መውሰድ ከሚችሉት ውስጥ ሶስቱንም በሙሉ ዶዝ ሲወስድ የተገኘው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መድሃኒት በሞላበት፣ ስፔሻሊስት ባለበት አገር። ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ለምን ሆነ ቢባል ሂሳቡን መስራት ነው። ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይጀመራል፣ ግቡ 25 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ እጥፍ ነው፣ ማለትም 6.25፣ ከዛ 12.5፣ ከዛ 25፣ በየእርምጃው ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ስለዚ ሁሉ ነገር ቢሳካ በ6 ሳምንት ግቡ ጋ ይደረሳል። አሁን ታካሚው ዶክተሩን የሚያገኘው በ3 ወር አንዴ ከሆነ ያው ሶስት እርምጃ 9 ወር ይፈጃል ማለት ነው፣ ለአንድ መድሃኒት ብቻ። አንዱን ቀጠሮ ግፊቱ ትንሽ ወርዷል ተብሎ ቢታለፍ አመት ይሞላል። ሌሎቹ ሶስት መድሃኒቶች ደሞ ወረፋ እየጠበቁ ነው። የላብ ምርመራውን ስንጨምር፣ ስፓይሮኖላክቶን ከተጀመረ በአንድ ሳምንትና በአራት ሳምንት ፖታሺየምና ኩላሊት መታየት አለበት፣ እነ ኢናላፕሪል ዶዛቸው በተጨመረ ቁጥርም እንደዛው። ዶክተሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ በ10 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ ሰውየውን መርምሮ፣ እግሩን አይቶ፣ ሳንባውን ሰምቶ፣ ስኳሩንም ጠይቆ፣ ዶዝ ለመጨመር የሚተርፈው ጊዜ የለም፣ እና ደህና ነኝ ያለ ታካሚ ላይ እጅ አለመክተት ሁሌም ቀላሉ መንገድ ነው።

መፍጠን ደሞ ዝም ብሎ የምኞት ነገር አይደለም። በ2022 የወጣው ስትሮንግ ኤችኤፍ የሚባል ጥናት 1,078 በልብ ድካም የተኙ ሰዎችን ወስዶ ግማሾቹን እንደ ወትሮው አስተናገደ፣ ግማሾቹን ግን ከሆስፒታል ሳይወጡ መድሃኒቶቹን ወደ ግማሽ ዶዝ፣ በወጡ በሁለት ሳምንት ወደ ሙሉ ዶዝ እንዲደርሱ አደረገ፣ በቅርብ እየጠሩ እየመረመሩ። በ180 ቀን ውስጥ የሞተ ወይም በልብ ድካም ተመልሶ የተኛ፣ በወትሮው 23.3 በመቶ፣ በፈጣኑ 15.2 በመቶ። ልዩነቱ በጣም ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ነው የቆመው። ልብ በሉ፣ ምንም አዲስ መድሃኒት የለበትም፣ ያው የምናውቃቸው መድሃኒቶች ናቸው፣ የተለወጠው አሰጣጡና ክትትሉ ነው። ጥያቄው ግን በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛው ሳምንት ይሄን ሰው ማን ያየዋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ፋርማሲስቱ የሚመጣው። በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ፋርም የሚባል ትንሽ ጥናት አለ፣ 181 ታካሚዎች፣ ግማሾቹ ላይ ክሊኒካል ፋርማሲስት ከዶክተሩ ጋ ቁጭ ብሎ መድሃኒታቸውን ገመገመ፣ ሀሳቡን ለዶክተሩ አቀረበ፣ ታካሚውን አስተማረ፣ በስልክ ተከታተለ። ሞትና የልብ ድካም መባባስ አንድ ላይ ሲቆጠር ፋርማሲስት ባለበት በኩል 4፣ በሌለበት በኩል 16 ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በሱ ብቻ አለም አይለወጥም፣ ግን ከዛ በኋላ ብዙ ተከተለ፣ በ2008 ደሞ 12 እንዲህ አይነት ጥናቶች፣ በድምሩ 2,060 ታካሚዎች፣ አንድ ላይ ተጠቃለው ታዩ። በልብ ድካም ምክንያት የመተኛት ዕድል ቀንሷል፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ለኔ ዋናው ግኝት ሌላ ነው። ጥናቶቹን ለሁለት ሲከፍሏቸው፣ ፋርማሲስቱ ለብቻው የሚመራው አገልግሎት ላይ ቅነሳው 11 በመቶ ገደማ ነበር፣ እሱም በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል፣ ፋርማሲስቱ የቡድኑ አባል ሆኖ ከዶክተርና ከነርስ ጋ የሰራበት ላይ ግን 58 በመቶ። ያው ሙያ፣ ያው እውቀት፣ ልዩነቱ በመሀል ያለው በር ክፍት መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ምክንያቱም ቀላል ነው። ፋርማሲስቷ ለብቻዋ ስትሆን የምታየው ክኒኑን ነው፣ የኩላሊቱን ውጤት አታይም፣ ኢኮውን አታይም፣ ዶክተሩ ቢሶፕሮሎል የሚባለውን ቤታ ብሎከር ለምን በ2.5 እንዳቆመው አታውቅም፣ ምናልባት ልቡ በደቂቃ 48 ሲመታ አግኝቶት ይሆናል። ስለዚ የምትችለው መምከር ብቻ ነው። ዶክተሩም ለብቻው ሲሆን የሚያየው የጻፈውን ነው፣ የተዋጠውን አይደለም። ቅድም ያልኳቸው እናት ጋ ስንመለስ፣ ፋርማሲስቷ ስልክ ታነሳለች፦ «ዶክተር፣ ኢናላፕሪሉን በሁለት ስም እየወሰዱት ነው፣ የሆስፒታሉ ፖታሺየምም አልቆመም፣ ዳይክሎፌናክም አለ። ፖታሺየሙንና ዳይክሎፌናኩን አስቁሜያቸዋለሁ፣ ከኢናላፕሪሉ አንዱን አስቀምጫለሁ፣ ፖታሺየምና ክሬቲኒን ዛሬውኑ ቢሰራላቸው?» (ክሬቲኒን ኩላሊት እንዴት እየሰራ እንደሆነ የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው።) ዶክተሩም «ይሰራ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ስፓይሮኖላክቶኑንም ያዢልኝ» ይላታል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ይሄ ስልክ እንዲኖር ቁጥሩን ማወቅ አለባት፣ ማንሳት አለበት፣ ስትደውል ማን አዘዘሽ የማይላት መሆን አለበት።

ስለ ስፓይሮኖላክቶን ካነሳን ክትትል ሲጎድል ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ከባድ ምሳሌ አለ። በ1999 ያ ጥሩ ውጤት ከወጣ በኋላ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዶክተሮች መድሃኒቱን በብዛት ማዘዝ ጀመሩ፣ ልክ ናቸው፣ ማስረጃ አላቸው። በ2004 የወጣ ጥናት ግን ወደኋላ ተመልሶ ሲቆጥር ከኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ጋ በሚወስዱ በእድሜ የገፉ ታካሚዎች ላይ በፖታሺየም መብዛት ሆስፒታል መግባት በ1994 ከ1,000 ሰው 2.4 የነበረው በ2001 11 ደርሷል፣ በዚሁ ምክንያት የሞተው ከ1,000 ከ0.3 ወደ 2 ወጥቷል። መድሃኒቱ አልተበላሸም። የ1999ኙ ጥናት ውስጥ ታካሚው በጥንቃቄ ተመርጦ፣ ደሙ በየጊዜው እየታየ ነበር የሚወስደው፣ ውጭ ላይ ግን ክኒኑ ብቻ ተወሰደና ክትትሉ ቀረ።

ፋርማሲስት አይን ላይ ቶሎ የሚገቡ ሌሎች ነገሮች ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዱ ሜቶፕሮሎል የሚባለው ቤታ ብሎከር ነው፣ በሁለት አይነት ኬሚካላዊ መልክ (ጨው ይባላል) ይመጣል፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሳክሲኔት በልብ ድካም ላይ እድሜ እንደሚያራዝም የተረጋገጠ ነው፣ ታርትሬት የሚባለው ግን ያ ማስረጃ የለውም፣ ማዘዣው ላይ ሜቶፕሮሎል ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የትኛው እንደሚሰጥ በመደርደሪያው ላይ ባለው ይወሰናል ማለት ነው። ሌላው ከኢናላፕሪል ወደ ሳኩቢትሪል ቫልሳርታን ሲቀየር መሀል ላይ 36 ሰአት ክፍተት ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ፊትና ጉሮሮ ሊያብጥና ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፣ እና ቤት ውስጥ ግማሽ ካርቶን ኢናላፕሪል የቀረው ሰው ጨርሼው ልጀምር ይላል ወይ አብሮ ይወስዳል፣ ይሄን የሚጠይቀው መድሃኒቱን በእጁ የሚሰጠው ሰው ነው። ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ለሳል ብሎ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት ዲጎክሲኑ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያዘዘው ዶክተር ደሞ ሌላ ነው፣ ዲጎክሲኑን ላያውቀው ይችላል። ውሃ ውስጥ የምትፈላዋ ፓራሲታሞል እንኳን አንዷ ፍሬ 400 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ልትይዝ ትችላለች፣ ጨው ቀንስ የተባለ ሰው በቀን ስድስት ሲወስድ ማሰብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄ ነው። ለዶክተር የማይነገር ነገር ለፋርማሲስት ይነገራል። መድሃኒትህን በትክክል ትወስዳለህ ሲባል ሁሉም አዎ ነው የሚለው፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ ሲባል ግን መልሱ ይለወጣል። ሰውየው መንገድ ሲሄድ ሽንት ቤት ስለሚቸገር የሚያሸናውን እንደሚዘል ይናገራል፣ እግሩ የሚያብጠው ለዛ ነበር፣ ይሄ ሳይታወቅ ዶዙ ሊጨመርበት ነበር። ሰአቱን ወደ ከሰአት ማዛወር ብቻ ይበቃው ነበር እኮ።

አሁን የማይመቸውንም ልናገር፣ ካልተናገርኩት ነገሩን ማሳመር ይሆንብኛል። በ2012 ከግላስጎው የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ 2,164 ታካሚዎች፣ ፋርማሲስቶች ከቤተሰብ ሀኪሞች ጋ ሆነው መድሃኒት አስተካከሉ፣ 30 ደቂቃ ቀጠሮና ከዛ በኋላ ጥቂት ክትትል፣ ከዛ ለ5 አመት ገደማ ታዩ። የሞተ ወይም በልብ ድካም የተኛ በአንዱ 35.8፣ በሌላው 35.4 በመቶ፣ ማለትም ምንም ልዩነት የለም። አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም እነ ኢናላፕሪልን እየወሰዱ ነበር፣ የሚስተካከለው ነገር ትንሽ ነበር። ሌላው በ2007 ከአሜሪካ የወጣው ነው፣ 314 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ታካሚዎች ላይ ፋርማሲስት ለ9 ወር በቅርብ ሲከታተል መድሃኒት በትክክል መውሰድ ፋርማሲስት በሌለበት በኩል 67.9፣ ባለበት በኩል 78.8 በመቶ ሆኖ ታየ፣ ድንገተኛ ክፍል መሄድና መተኛትም ቀነሰ፣ ፋርማሲስቱ ስራውን ሲያቆም ግን በ3 ወር ውስጥ ልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ። እነዚህን ሁለቱን ሳነብ ፋርማሲስት አይጠቅምም የሚል አልታየኝም። የታየኝ አንዴ አይቶ መሄድ እንደማይበቃ፣ እና ጉልበቱ መዋል ያለበት ብዙ የሚስተካከል ነገር ያለበት ጊዜ ላይ፣ ማለትም ከሆስፒታል በወጡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ እንደሆነ ነው።

የዶክተሮችንም ስጋት አቅልዬ አላየውም። ታካሚው ከሁለት አፍ ሁለት ነገር ይሰማል ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ፋርማሲስቷ ስለ ሳይድ ኢፌክት አስፈራርታው ቤታ ብሎከሩን ያቆመ ሰው ይኖራል። ፋርማሲስት አንገት ላይ ያለውን ደም ስር አይቶ ውሃ መብዛቱን አይለይም፣ ትንፋሽ ያጠረው በልብ ይሁን በሳንባ መለየት የዶክተር ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ለዚህ መፍትሄው ግን ፋርማሲስቱን ማራቅ ሳይሆን አስቀድሞ ተስማምቶ መጻፍ ነው። ልብ በደቂቃ ከ50 በታች ከመታ ቤታ ብሎከር አይጨመርም፣ ለዶክተሩ ይደወላል። ፖታሺየም ከ5.5 ካለፈ ስፓይሮኖላክቶን ይገመሳል፣ 6 ከደረሰ ይቆማል። ክሬቲኒን ከመነሻው እስከ 50 በመቶ ቢጨምር ሰውየው ደህና ከሆነ ኢናላፕሪል ወዲያው አይቆምም፣ ይሄኛው በተለይ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ክሬቲኒን አይቶ ደንግጦ እድሜ የሚያራዝመውን መድሃኒት ያስቆማል፣ ከዛ መልሶ የሚያስጀምረው የለም። ክብደት በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ታካሚው ራሱ ይደውላል። በነዚህ መስመሮች ውስጥ ፋርማሲስቷ ዶዝ ትጨምራለች፣ ከመስመሩ ሲወጣ ዶክተሩ ይወስናል፣ የሰራችው ሁሉ እሱ በሚያየው ፋይል ላይ ይጻፋል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ይሄ በስምምነት ሰነድ ይሰራል፣ እንግሊዝ ደሞ ስልጠናውን የጨረሱ ፋርማሲስቶች ከ2006 ጀምሮ ራሳቸው ማዘዝ ይችላሉ።

ይሄ ስራ ግን በትርፍ ሰአት የሚሰራ አይደለም። ወረፋ እየጠበቀ ያለ ሰው ፊት ቆሞ መድሃኒት እየሰጠ ያለ ፋርማሲስት የሰባት መድሃኒት ፌስታል ሊያይ አይችልም፣ ሰአት ሊመደብለት፣ ቁጭ የሚልበት ቦታ ሊኖረው፣ ለዛ ሰአት ሊከፈለው ይገባል፣ ካልሆነ በወረቀት ላይ የቀረ ፕሮቶኮል ነው የሚሆነው።

እናትየዋ ሆስፒታሉ ሲወጡ በሰጣቸው ወረቀት ላይ የመድሃኒቶቹ ስም አለ፣ ዶዙ አለ፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ አለ፣ ከ3 ወር በኋላ ያለው ቀጠሮም አለ። ካርቬዲሎሉን በ3ኛው ሳምንት ወደ 6.25 የሚያሳድገው ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት የፖታሺየም ውጤት ማን እንደሚያየው፣ የድሮው ኢናላፕሪል ይቁም ይቀጥል የሚለው ግን የለም። ሶስት መስመር ነው፣ ወረቀቱ ላይ ቦታ ነበረው።